ሥራ ስንለቅ ያልወሰድነው ሆሊዴይ

ለንደን ውስጥ በተካሄደ የኢትዮጵያውያን የእሑድ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ዛሬ እንድናገርበት የተጠየቅሁት ጉዳይ ጠባብ ነው። በሳምንት ጥቂት ቀን ወይም ጥቂት ሰዓት የሚሠራ ሰው ሥራውን ሲለቅ፣ ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ፣ ሁላችንም በየቀኑ ሆሊዴይ የምንለው ማለት ነው፣ ምን ይሆናል? ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም በዚህ አዳራሽ ውስጥ የማይነካው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ አብዛኞቻችን በዚህ አገር የጀመርነው ማታ ማታ ቢሮ በማጽዳት፣ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ በመንከባከብ፣ በሬስቶራንት ወጥ ቤት ሳህን በማጠብ ወይም በትምህርት ቤት ምሳ በማቅረብ ነውና። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስንሸጋገር ደግሞ ዓይናችን ያለው አዲሱ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ አሮጌው ላይ ምን ትተን እንደወጣን ዞር ብለን አናይም።

ከራሴ ልጀምር። በ2012 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ማታ ቢሮ አጸዳ ነበር። ከጃንዋሪ ጀምሮ አንድም ቀን ሳላርፍ ሠርቼ ኦገስት 31 ለቀቅሁ። ቁልፉንና የመግቢያ ባጁን ለተቆጣጣሪው ሳስረክብ፣ «ሆሊዴዬስ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ «አንተ እኮ ፓርት ታይም ነህ» አለኝ። እኔም አመስግኜው ወጣሁ። ገንዘቡ ቀርቶ ያ ምስጋና ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ሒሳቡን ከዓመታት በኋላ ተቀምጬ ሠራሁት። በሳምንት 15 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ሕጉ የሚሰጠው ዝቅተኛ ፈቃድ በዓመት 84 ሰዓት ነው። የድርጅቱ የፈቃድ ዓመት፣ ማለትም ፈቃድ የሚቆጠርበት 12 ወር፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ስለነበር፣ እኔ ደግሞ ከዓመቱ ሁለት ሦስተኛውን ስለሠራሁ፣ የእኔ ድርሻ 56 ሰዓት ነበር። በሰዓት የሚከፈለኝ የዚያን ጊዜው ዝቅተኛ ደመወዝ 6 ፓውንድ ከ8 ፔንስ ስለሆነ፣ ትቼው የወጣሁት 340 ፓውንድ ከ48 ፔንስ ነው። ይህን ሳውቅ የመጠየቂያው ጊዜ ካለፈ ቆይቶ ነበር።

ተቆጣጣሪው ተሳስቶ ነበር ወይስ አሳስቶኝ ነበር የሚለውን ዛሬ መመርመር አይጠቅመንም። የሚጠቅመን ሕጉ ምን እንደሚል ማወቁ ነው። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የሚሠራበት የ1998ቱ የሥራ ሰዓት ደንብ ለማንኛውም ሠራተኛ በዓመት 5.6 ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። ሰሜን አየርላንድ የራሱ ሕግ ስላለው ለጊዜው እንለፈው። ልብ በሉ፣ ደንቡ የሚቆጥረው በሳምንት ነው። በሳምንት 5 ቀን የሚሠራ ሰው 28 ቀን ያገኛል፤ 3 ቀን የሚሠራ 16.8 ቀን፣ 2 ቀን የሚሠራ 11.2 ቀን ያገኛል። የሁሉም መብት ያው 5.6 ሳምንት ነው፤ የሚለያየው የእያንዳንዱ ሰው ሳምንት ስፋት ብቻ ነው። በዚህ ላይ በ2000 የወጣው የፓርት ታይም ሠራተኞች ደንብ፣ አሠሪው በቂ ምክንያት ከሌለው በቀር፣ አንድን ሠራተኛ ጥቂት ሰዓት ስለሠራ ብቻ ሙሉ ሰዓት ከሚሠራው ባልደረባው ባነሰ ሁኔታ እንዳይዘው ይከለክላል። ስለዚህ ድርጅቱ ለሙሉ ሰዓት ሠራተኞቹ ከሕጉ ዝቅተኛ በላይ የሚሰጥ ከሆነ፣ የፓርት ታይሙም ድርሻ በዚያው ልክ ከፍ ማለት አለበት።

እዚህ ላይ አገር ቤት ስለለመድነው ሕግ አንድ ነገር ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ከ16 የሥራ ቀናት ያላነሰ የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ በመርሕ ደረጃ ይከለክላል፤ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ግን ያልተወሰደው ፈቃድ በገንዘብ እንዲከፈል ያዛል። የእንግሊዙም አስተሳሰብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፈቃድ ለዕረፍት የተሰጠ ስለሆነ፣ ሥራ ላይ እያላችሁ «አልወጣም፣ ገንዘቡን ስጡኝ» ብትሉ ሕጉ የሰጣችሁ ዝቅተኛው ፈቃድ አይሸጥም። በምትለቁበት ቀን ግን የሚታረፍበት ጊዜ ስለሌለ የቀረው ሁሉ ገንዘብ ይሆናል። ይህ የአሠሪው በጎ ፈቃድ አይደለም፤ የሠራችሁበት ደመወዝ አንድ ክፍል ነው። በራሳችሁ ፈቃድ ብትለቁ፣ ሥራው ቢዘጋ፣ በጥፋት ብትባረሩ እንኳ ይህ የሕጉ ክፍል ይከፈላል።

የሰዓታችሁ መጠን ቋሚ ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። የዓመቱን ድርሻ ውሰዱ፤ ከፈቃድ ዓመቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የሥራ ቀናችሁ ባለፈው የዓመቱ ክፍል አባዙት፤ ከዚያ የወሰዳችሁትን ቀንሱ። በሳምንት 3 ቀን የምትሠራ እህት የፈቃድ ዓመቷ ከጃንዋሪ ጀምሮ ጁን 30 ብትለቅ፣ ከ16.8 ቀን ግማሹ ገደማ፣ 8.3 ቀን፣ ተጠራቅሞላታል። 3 ቀን ወስዳ ከሆነ የ5.3 ቀን ክፍያ ይቀራታል ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሰዓቱ በየሳምንቱ ሲለዋወጥ ነው፤ የእኛም ሰው በብዛት ያለው እዚያ ነው። ዜሮ አወር የሚባለው፣ አሠሪው የተወሰነ ሰዓት ቃል የማይገባበት ኮንትራት፣ በስልክ የሚጠሩበት ሺፍት፣ አንድ ሳምንት 40 ሰዓት በሚቀጥለው ሳምንት 6 ሰዓት የሚሆንበት ሥራ ማለቴ ነው። ለእነዚህ ሠራተኞች ኤፕሪል 1 ቀን 2024 ወይም ከዚያ በኋላ ከሚጀምር የፈቃድ ዓመት ወዲህ ሕጉ ግልጽ ቀመር አስቀምጧል፤ ከሠሩት ሰዓት 12.07 በመቶው ፈቃድ ሆኖ ይጠራቀማል። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው፤ ከዚያ 5.6 ሳምንት ዕረፍት ሲቀነስ 46.4 የሥራ ሳምንት ይቀራል፤ 5.6 ለ46.4 ሲካፈል 12.07 በመቶ ይመጣል። አንድ ሰው 100 ሰዓት ሲሠራ 12 ሰዓት ያህል ፈቃድ ያፈራል ብሎ በቃል መያዝ ለአብዛኛው ነገር ይበቃል።

ይህ ቀመር የተጻፈው ከረጅም ክርክር በኋላ ነው። ሃርፐር ትረስት በሚባለው ድርጅት ሥር ባለ ትምህርት ቤት የምታስተምር አንዲት የሙዚቃ መምህርት፣ ብሬዝል በሚል ስም በሚታወቀው መዝገብ፣ ትምህርት በማይኖርባቸው ሳምንታት ባትሠራም ሙሉው 5.6 ሳምንት ይገባኛል ብላ ተከራከረች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁላይ 2022 ፈረደላት። በኋላ መንግሥት ሕጉን ቀይሮ፣ ሰዓታቸው ለሚለዋወጥና በዓመቱ የተወሰነ ክፍል ብቻ ለሚሠሩ ሰዎች የ12.07 በመቶውን መንገድ በደንብ ላይ አሰፈረው። እውነቱን ለመናገር የፍርድ ቤቱ መንገድ ለሠራተኛው የተሻለ ነበር፤ አሁን ያለው ሕግ ግን ይህ ስለሆነ የምንቆጥረውም በእሱ ነው።

ቁጥሩ በእውን እንዴት እንደሚሠራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ጊዜ አንዲት በኬር ሥራ ላይ የነበረች እህት ሥራዋን ለቅቃ ወረቀቶቿን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ሌላ ሰው ፋይል ይዞ ይመጣል፤ እሷ ግን ከወጥ ቤቷ ግድግዳ ያወረደቻቸውን ሁለት የቤተ ክርስቲያን ካላንደሮች ጠቅልላ ይዛ ነበር። አንዱ የ2016፣ ሌላው የ2017 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሚስማር ላይ፣ አሮጌው ከአዲሱ ጀርባ ተሰቅሎ ኖሯል። በየቀኑ ሳጥን ውስጥ፣ ከቅዱሱ ስም ሥር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሠራችው ሰዓት ተጽፏል፤ 6፣ 12፣ 4 እያለ። የሌሊት ሺፍት የሆነው ተከቧል። ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ 2024 ስንደምረው 620 ሰዓት መጣ። ድርጅቱ ለፈቃድ የቆጠረላት ግን 548 ሰዓት ብቻ ነበር።

የ72 ሰዓቱ ልዩነት የት እንደገባ ለማወቅ ፔይስሊፖቿን፣ ማለትም የደመወዝ ዝርዝር ወረቀቶቿን፣ አንድ በአንድ ገለጥን። ሦስት የግዴታ ሥልጠና ቀናት፣ እያንዳንዳቸው 8 ሰዓት፣ እና ሰው ቀርቶ በስልክ ተጠርታ የሸፈነቻቸው አራት የ12 ሰዓት ሌሊቶች ነበሩ። ክፍያቸው አልተበላም፤ በሚቀጥለው ወር «ማስተካከያ» ተብሎ በአንድ መስመር ገብቷል። ነገር ግን በዚያ መስመር ላይ የሰዓት ቁጥር ስለሌለ፣ ፈቃድ የሚቆጥረው ኮምፒውተር አላያቸውም። የ620 ሰዓት 12.07 በመቶ ወደ 75 ሰዓት ይጠጋል፤ የወሰደችው 30 ነው፤ 45 ሰዓት ቀራት። በሰዓት 12 ፓውንድ ስለሚከፈላት 540 ፓውንድ ማለት ነው። ድርጅቱ የካላንደሩን ፎቶና የፔይስሊፑን ቅጂ ሲያይ ብዙ ሳይከራከር ከፈለ። እኔ እንደማምነው አብዛኛው ስሕተት ተንኮል ሳይሆን እንዲህ ያለ የመስመር ስሕተት ነው፤ ከእናንተ በቀር የሚያየው ሰው ግን የለም። ከኤፕሪል 2019 ወዲህ ክፍያው በሰዓት የሚለያይ ከሆነ የሰዓቱ ብዛት በፔይስሊፑ ላይ መጻፍ ስላለበት፣ ያ ቁጥር ሲጎድል እዚያው ወር መጠየቅ ነው።

ስለ ገንዘቡ መጠንም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ክፍያው የሚለዋወጥ ሠራተኛ የፈቃድ ክፍያው የሚሰላው ከመልቀቁ በፊት ባሉት 52 የተከፈለባቸው ሳምንታት አማካይ ነው። ምንም ያልተከፈለበት ሳምንት ይዘለላል፤ ለዚህም እስከ 104 ሳምንት ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ኮንትራቱ 16 ሰዓት የሚል፣ ሰውዬው ግን በቋሚነት 24 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ፣ ከ5.6 ሳምንቱ ፈቃድ ቢያንስ ለአራቱ ሳምንት የዘወትር ትርፍ ሰዓቱ አብሮ መታሰብ አለበት። «ኮንትራትህ 16 ነው» የሚል መልስ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ደግሞ እኛን በተለይ ወደሚጎዳ ነገር ልምጣ። ብዙዎቻችን ፈቃዳችንን የምናስቀምጠው ለገና እና ለጥምቀት ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ገደማ ይውላል፤ የብዙ ድርጅቶች የፈቃድ ዓመት ግን ዲሴምበር 31 ይዘጋል። ስድስት ቀን ለገና ያስቀመጠ ሰው በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ቀኖቹ ሊጠፉበት ይችላሉ። ይባስ ብሎ በዓሉን አክብሮ ጃንዋሪ 10 ቢለቅ፣ በሳምንት 3 ቀን የሚሠራ ከሆነ በአዲሱ ዓመት ያፈራው ከግማሽ ቀን ያነሰ ነው። እርግጥ ነው፣ አሠሪው ፈቃዱን ለመውሰድ በቂ ዕድል ካልሰጠ፣ እንዲወስድም ካላበረታታና ካልወሰደ እንደሚጠፋ ካላስታወቀ፣ እስከ አራት ሳምንት የሚሆነው ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። በሕመም ወይም በወሊድ ምክንያት ያልተወሰደም የሚሻገርበት ደንብ አለ። እንደዚያም ሆኖ ኮንትራታችሁን ገልጣችሁ የፈቃድ ዓመቱ መቼ እንደሚጀምርና እንደሚያልቅ ማየት፣ በኋላ ከመከራከር ይሻላል። የመልቀቂያ ደብዳቤያችሁን ዲሴምበር ላይ ልትሰጡ ካሰባችሁ ደግሞ ይህን ሳታዩ አትስጡ።

ሌላው ልማዳችን ተቃራኒው ነው፤ ዓመቱ ሳይጋመስ ወር ሙሉ አዲስ አበባ ቆይቶ መመለስና ከዚያ ሥራ መለወጥ። ከተጠራቀመላችሁ በላይ ወስዳችሁ ከሆነ አሠሪው ልዩነቱን ከመጨረሻ ደመወዛችሁ ሊቀንስ የሚችለው ይህን የሚፈቅድ ስምምነት አስቀድሞ ከነበረ ነው። ፈርማችሁ ሊሆን ይችላል፤ ብዙው ኮንትራት ይህን አንቀጽ ስለሚይዝ እዚህ ላይ ተስፋ አልሰጣችሁም።

የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ከሰጣችሁ በኋላም ነገሩ አያበቃም። አሠሪው ቀሪውን ፈቃድ በማስጠንቀቂያው ጊዜ ውስጥ እንድትወስዱ ሊያዝዛችሁ ይችላል፤ ኮንትራቱ ሌላ ካላለ በቀር ግን አስቀድሞ የሚያሳውቅበት ጊዜ የፈቃዱ ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። 5 ቀን ውሰዱ ለማለት ከ10 ቀን በፊት መናገር አለበት ማለት ነው። ሐሙስ ነግሮ ሰኞ ውጡ ማለት አይችልም።

ከመጠየቃችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። ሰዓታቸው ለሚለዋወጥ ሠራተኞች አሠሪው የፈቃዱን ክፍያ ከየደመወዙ ጋር 12.07 በመቶ እየጨመረ እንዲከፍል አሁን ተፈቅዶለታል። ይህ ከሆነ በፔይስሊፑ ላይ ለብቻው ተጽፎ ይታያል፤ ገንዘቡን በየወሩ ስለተቀበላችሁት ስትለቁ የሚቀር አይኖርም። ለብቻው ሳይጻፍ «በሰዓት ክፍያህ ውስጥ አለ» የሚል ቃል ብቻ ከሰማችሁ ግን አትቀበሉት። ቋሚ ሰዓት ላለው ሠራተኛማ ይህ መንገድ ጭራሽ አልተፈቀደም።

ሳይከፈላችሁ ሲቀር መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ። ኢሜይል ይበቃል፤ የቴክስት መልእክትም ከምንም ይሻላል። የሠራችሁት ሰዓት፣ የተጠራቀመው፣ የወሰዳችሁት፣ የቀረው፣ የሚከፈልበት ቀን፤ ከዚህ በላይ ማዘንም መቆጣትም አያስፈልግም። መልስ ከሌለ ኤካስ የሚባለው የመንግሥት አስታራቂ ተቋም በነጻ ያነጋግራል፤ ወደ ሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ለመሄድም መጀመሪያ ለእሱ ማስታወቅ ግድ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2017 የክፍያ ሥርዓቱን ሕገ ወጥ ካለው ወዲህ ለዚህ ፍርድ ቤት የሚከፈል የመክፈቻ ገንዘብ የለም።

የጊዜው ነገር ግን አጭር ነው፤ እኔንም የበላኝ እሱ ነው። ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የኖረው ገደብ ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሊሞላ አንድ ቀን እስኪቀረው ድረስ ነው፤ ኦክቶበር 31 መከፈል ለነበረበት ገንዘብ የመጨረሻው ቀን ጃንዋሪ 30 ይሆናል። በ2025 የወጣው የሥራ መብቶች ሕግ ይህን ጊዜ ወደ ስድስት ወር የሚያራዝም አንቀጽ አለው፤ ቢሆንም በአጭሩ ገደብ ቆጥሮ መነሣት የተሻለ ነው፤ ቀድሞ የመጣን ሰው ፍርድ ቤት አይመልሰውም።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የምትቀበሉ ወገኖች፣ ይህ ክፍያ እንደ ማንኛውም ደመወዝ ግብር ይታሰብበታል፣ በገባበት ወርም እንደ ገቢ ይቆጠራል። የዚያ ወር ድጎማ ዝቅ ቢል ሌላ ስሕተት ተፈጥሯል ብላችሁ አትደንግጡ። ሁለት ሥራ ያላችሁ ደግሞ እያንዳንዱ ሥራ የራሱን ፈቃድ ለብቻው እንደሚያፈራ አስታውሱ፤ አንዱ ጋ የወሰዳችሁት ከሌላው አይቀነስም።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ መሰለኝ። ፔይስሊፕ ወይም ካላንደር ይዛችሁ የመጣችሁ ቡናው እስኪፈላ ድረስ በበሩ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ አብረን እንቆጥራለን። ያልያዛችሁ የመጨረሻ የሥራ ቀናችሁን ብቻ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡኝ፤ ከሦስት ወር ያላለፋቸውን አስቀድሜ አያለሁ።